እስከ ዘጠኝ ሰዓት

ጠዳ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየትነበርሽ ሀብተሥላሴ
ዛሪማ

እታለም፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ስፌት ላይ ከሆንሽ እግርሽን ከመርገጫው አንሺ፤ ጣትሽን ከሰው ቀሚስ ጋር እንዳትሰፊው። እማ አጠገብሽ ካለች ደግሞ አንድ ምክንያት ፈጥረሽ ጓሮ ውጪና እዚያ አንብቢ።

እነሆ በታላቅ ሐዘን የማስታውቅሽ፦ ዛሬ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በጎንደር ከተማ፣ በሆስፒታሉ የካንሰር ሕክምና ክፍል፣ ስድስት ሕሙማን፣ ሁለት ነርሶችና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በተገኙበት፣ የሟቹ የሀብተሥላሴ ብቸኛ ወንድ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የተማረው መዝሙር፣ በተወለደ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደቀ።

ወደቀ ነው ያልኩት። ሌላ ነገር አላልኩም። ከወንበር ነው የወደቀው።

አሁን ስድብሽን ጀምሪ፤ እጠብቅሻለሁ።

ጨረስሽ? እንግዲያው ሰላምታው ይቀጥላል። አንቺም፣ እማም፣ ሰው የምትነክሰው ዶሮሽም እንዴት ሰነበታችሁ? ሰላምታውን ከመርዶው በታች ማድረጌን ይቅር በይኝ። ዘጠነኛን ሦስት ጊዜ ስማር፣ የደብዳቤ አጻጻፍ በተማሩበት ቀን አንዱንም ጊዜ ክፍል ውስጥ አልነበርኩም።

ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ እኔና አንቺ በሹፌሩ በአወቀ እጅ ወድቀናል። ማኪናው አንድ ቀን ወደ ጎንደር ይወጣል፣ በማግስቱ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በዞረ ቁጥር የላክሽበትን መልእክት ግማሹን እየጣለ ይደርሳል። ዛሬ መናኸሪያ ሳገኘው "እህትህ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላ ነበር፤ ጀመርክ ነው ያለችው ጨረስክ?" አለኝ።

ጀመርክ ወይ ላልሽው፣ አልጀመርኩም።

ሁሉም ነገር ሸጋ ነበር። አጎትሽ አያ ዳኛው ከጠዳ ገና በጠዋት ይዘውኝ ገቡ። ክፍሉ ጀርባቸው የሚጋደም ትልልቅ ሰማያዊ ወንበሮች አሉት፤ ልክ እንደ ፀጉር ቤት፣ ልዩነቱ እዚህ ፀጉርሽን የሚያነሳው መድኃኒቱ መሆኑ ነው። አጠገቤ ሷሊሕ የሚባል የጎንደር ልጅ ተቀምጧል። እኩያዬ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከአያት ጀምሮ ጨርቅ ይነግዳሉ። መድኃኒቱን በየሳምንቱ ይወስዳል፤ ይህ አምስተኛው ዙር ስለሆነ ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም።

"አዲስ ነህ?" አለኝ።

"አይ፣ ፀጉርህን የት እንደጣልከው ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አልኩት።

ልጁ ሳቀ። እናቱ እትዬ ሸምሲያ ግን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና "ይሄኛውን ደግሞ አላህ ይሁነው" አሉ።

ከዚያ ሲስተር ይመኙሽ የምትባል ነርስ መጣች። ቁጣዋ ያንቺ፣ ቁመቷ የእማ ነው። "ምን በልተህ መጣህ?" አለችኝ። "ፍርፍር፣ ሁለት ዳቦ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ" አልኩ። ጻፈች። ክንዴን በጎማ አሰረችና መታ መታ አደረገችው። "ደም ሥርህ የት ሄደ?" አለች። "ፈርቶ ዛሪማ ገባ" አልኳት። ከዚያ በኋላ የማውቀው ወለሉን ነው። ንጹሕ ወለል ነው፤ በቅርብ ስላየሁት እመሰክራለሁ።

ግፊቴም ስኳሬም ወርዶ ተገኘ። መድኃኒቱ ሳይከፈት ተመለሰ። ስነቃ ሷሊሕ ለእናቱ "ይሄ ልጅ ገና ስሙን ሲጽፉለት ነው የጨረሰው" ይላል።

አሁን የማልቀልድበትን ልጻፍ። ሐኪሙ ወንበሬ ድረስ መጣና እንዲህ አለኝ፦ "አንገትህ ላይ ያለው ንፍፊት ብቻ ቢሆን እንታገስህ ነበር። ደረትህ ውስጥ ያለው ግን ወደ መተንፈሻህ እየተጠጋ ነው። ይህ ዓይነቱ ካንሰር መድኃኒቱን ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ግን መጀመር አለበት። ሰኞ ትመጣለህ። በልተህ ትመጣለህ።" ሰኞ መጋቢት 8 ነው።

ስኳርህ ምነው ወረደ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። የአልኮሉ ሽታ ነው።

ለእማ ያው መንጃ ፈቃዱ ነው። ልጄ ጎንደር ሹፍርና እየተማረ ነው ብላ ደስ ብሏታልና ደስታዋን አትንኪባት። ከጠየቀችሽ ዛሬ ወደኋላ መንዳት ጀምሯል በያት። በእርግጥም ወደኋላ ነው የሄድኩት።

ወንድምሽ መዝሙር
(ተነሥቶ የጻፈው)


ዛሪማ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንተ ወስላታ፣

"በታላቅ ሐዘን" የሚለው ላይ ስደርስ ዓይኔ ጨለመ። ቀጥሎ ያለውን ያነበብኩት ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ስምህንና "ወደቀ"ን አንድ መስመር ላይ ካስቀመጥክ፣ ጠዳ ድረስ በእግሬ መጥቼ እኔው እጥልሃለሁ።

ደህና ነን። እማ ደህና ናት። ዶሮዋ ሰው አትነክስም፤ የምትነክሰው አንተን ብቻ ነው፣ እሷም ምክንያት አላት።

አሁን ስማኝ። አትጠይቂኝ ያልከውን ልጠይቅህ ነው። አያ ዳኛው በአወቀ በኩል አንድ ቃል ልከውልኝ ነበር። አወቀ ይህችን አልረሳትም፤ ከማኪናው ሳይወርድ ነው የነገረኝ። "ልጁ ጠዋት ያቀረብኩለት ምግብ እንደተከደነ ይውላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብቻ ነው የሚነካው" ብለዋል። የዚያን ማክሰኞም ዳቦው ኪስህ ውስጥ እንዳለ ጠዳ ተመልሷል ብለዋል። ፍርፍር በላሁ ብለህ ሲስተሯን ምነው ዋሸሃት?

እየጾምክ ነው እንዴ? አንተ? የዛሬ ሁለት ዓመት በሁዳዴ ከዶሮ ቤት እንቁላል እየሰረቅክ ስትጠጣ፣ ሸለምጥማጥ ነው ብለህ እማን ለሁለት ሳምንት ወጥመድ ያስጠመድካት አንተ? ወጥመዱንም አብረሃት ስትጠግን የነበርከው አንተ?

ጾም ሸጋ ነገር ነው፤ አልከለክልህም። ግን መርፌ ክንድህ ላይ ሲተከል በባዶ ሆድ መቀመጥና መዋሸት ጾም ነው ብሎ ያስተማረህ ማነው? ሰኞም እንዲሁ ሄደህ ብትወድቅስ? ሐኪሙ ስለ መተንፈሻህ ያለውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ልንገርህ? አልነግርህም።

እውነቱን ጻፍልኝ። አንዲት ገጽ ብቻ ሳትቀልድ ጻፍ፤ ከቻልክ።

እማ ትናንት ወፍጮ ቤት "ልጄ ማኪና ሲይዝ ጋቢና አስቀምጦ ደባርቅ ገበያ ይወስደኛል" ስትል ሰማኋት። የወፍጮ ቤቱ ሙሉሰው "እኔንስ?" ቢላት "አንተ ከኋላ ከእህሉ ጋር" አለችው። ሁሉም ሳቁ። እኔ ዱቄቱን ሳልወስድ ወጣሁ።

እህትህ የትነበርሽ


ጠዳ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017፣ ማምሻውን

እታለም፣

ደብዳቤሽ ከቀትር በኋላ ደረሰኝ። አንዲት ገጽ ሳትቀልድ ጻፍ ብለሻል። ሞክሬያለሁ። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ ሁለቱን በቀልድ አበላሽቼ ቀድጃቸዋለሁ።

እጾማለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።

የካቲት 12 ቀን ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሲነግረኝ አያ ዳኛው አጠገቤ ነበሩ። እሳቸው ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔ የሐኪሙን ጫማ እያየሁ ማሰሪያው ተፈትቷል ብዬ ነገርኩት። ከዚያ ስንወጣ አያን በር ላይ አቁሜ ብቻዬን በቅርብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ግቢ ውስጥ አልገባሁም፤ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። "ሁዳዴን በሙሉ እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ፣ አንድ ቀን አላጎድልም። የቀረውን ደግሞ አንተ ታውቃለህ" አልኩ። ይኸው ነው። ሌላ ሰው አልነበረም።

እታለም፣ ከእኔ ጋር ቃል የተገባባ ሰው እንደሌለ ታውቂያለሽ። ነገ እመጣለሁ ብል ማንም አይጠብቀኝም፤ ሞተ ብዬ ብናገር ማንም ነጠላ አያዘቀዝቅም። በዕድሜዬ የጠበቅኳት ቃል ይህች ብቻ ናት። ሃያ ቀን ሊሞላት ነው። ጠዋት ጠዋት አያ ዳኛው ሰሐኑን ሲከፍቱት ሆዴ ይጮኻል፤ እኔ ግን ብበላ መድኃኒቱ እምቢ የሚለኝ ይመስለኛል። ሞኝነት ነው በይኝ። ቀን ቀን እኔም እንደዚያ እላለሁ። መርፌው ሲመጣ ግን አልልም።

ለሲስተር ይመኙሽ የዋሸሁትም እውነቱን ብናገር ተመለስ ትለኛለች ብዬ ነው። ዋሽቼም ተመለስኩ።

ዛሬ ለደም ምርመራ ስሄድ ሷሊሕን አገኘሁት። እነሱም ረመዳን ላይ ናቸው፤ ዘንድሮ ጎንደር ውስጥ ቀን የሚበላ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ድመት ብቻ ነው። (ይቅርታ፤ ይህችን ቀልድ አትቁጠሪያት።) እትዬ ሸምሲያ ሻሽ ጋርደውለት እንቁላል በዳቦ ይበላል።

"አንተ አትጾምም?" አልኩት።

"ለታመመ ተፈቅዷል። ስድን ቀኖቹን እከፍላለሁ።"

"አይከብድህም?"

"ከተማው ሁሉ ጾሞ አንተ ስታላምጥ እንቁላሉ ጉሮሮህ ላይ ቆሞ ሰላምታ ይጠይቅሃል" አለኝ። "ግን ይወርዳል። እኔን የጠቀመኝ ዝም ብሎ መብላቱ ሳይሆን ተፈቅዶልሃል የሚለኝ ሰው ማግኘቴ ነው። እናንተ ዘንድ የሚፈቅድ የለም?"

አለ። መምሬ ልዑልቃል አሉ። የነፍስ አባታችን እሳቸው ስለሆኑ ስእለቱንም የሚፈቱት እሳቸው ናቸው። አንቺ ሂጂና ጠይቂልኝ። ብላ ካሉ እበላለሁ፤ ሲስተር ይመኙሽ ያዘዘችውን ወተትም እንቁላልም ሳይቀር። ጹም ካሉ ሰኞ ምን እንደምሆን አላውቅም።

መልሱ ከሰኞ ጠዋት በፊት ይድረሰኝ። ለመምሬ ቀስ ብለሽ ለብቻቸው ንገሪያቸው። እማ እንዳትሰማ። በአባታችን ነፍስ።

መዝሙር

ማስታወሻ፦ አንዲት ቀልድ ብቻ ነው ያመለጠችኝ። ለእኔ ይህ እንደ ማትሪክ ማለፍ ነው።


ዛሪማ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

መዝሙሬ፣

ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሳትጨነቅ እንድታነበው መልሱን ላስቀድም፦ ብላ ብለዋል።

ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሴ እንደወጣ መምሬን ከዛፉ ሥር፣ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ አገኘኋቸው። እንዳልከኝ ለብቻቸው ነበሩ። እንዳልከኝ በሹክሹክታ ጀመርኩ። ግን መምሬ በቀኝ ጆሯቸው እንጂ በግራው እንደማይሰሙ አገር ያውቃል። ኃጢአቱ የከበደበት ሁሉ በግራ በኩል ተንበርክኮ እንደሚናዘዝም አገር ያውቃል፤ አንተ እንዲያውም ቀኝ ጆሯቸውን አይተሃት የምታውቅ አይመስለኝም። እኔም ያቺን የማልነግርህን ነገር ከተናዘዝኩ ወዲህ በግራ ለምጃለሁ። ዛሬም እግሬ መርቶኝ በግራ ተንበረከክሁ።

"መምሬ፣ መዝሙር ታሞብናል" አልኳቸው።

"ደግ አድርገሻል" አሉኝ።

"ስእለት ገብቶ አልበላ አለን። ይፈቱለታል ወይ?"

"ሁላችንም ደካሞች ነን። ዐሥር ስግደት ስገጂ" ብለው መስቀላቸውን ዘረጉልኝ።

ተሳልሜ ልነሳ ነበር። ከዚያ ሰኞ ትዝ አለኝ። ወደ ቀኝ መዞር የሚባል ነገር ግን ትዝ አላለኝም፤ ዝም ብዬ ጮህኩ። "መዝሙር ካንሰር ይዞታል! ልጹም ብሎ መድኃኒቱ ቀረበት! ልብላ ወይ ነው የሚለው!"

ይህንን መምሬ ሰሙ። ነጠላዋን የምታጣፋው፣ ጫማውን የሚያደርገው፣ በር ላይ የሚሰነባበተው፣ ግቢው በሙሉ ሰማ። ስዞር እማ ከኋላዬ ቆማለች።

ይቅርታ የምልህ ለዚህ ነው። አንተ ቃልህን ሃያ ቀን ጠብቀህ፣ አንድ ቀን ጠብቂ ያልከኝን እኔ ጣልኩት።

እማ አላለቀሰችም። አልጮኸችም። ደረቷንም አልመታችም። ነጠላዋን አስተካከለች፣ በመምሬ ቀኝ በኩል ዞራ ሄዳ ተቀመጠችና "አባቴ፣ ልጄ ምን ይብላ?" አለች።

"ወተት ይጠጣ" አሉ። "እንቁላል ይብላ። ሐኪሙ ሥጋ ካለ ሥጋ ይብላ። የእሱ ሥራ አሁን መዳን ነው።"

"ስእለቱስ?"

"እኔ ፈትቼዋለሁ። ልቡ ካላረፈ ደግሞ የቀሩትን ቀኖች ሌላ ሰው ይያዝለት።"

እማ ወዲያው "እኔ" አለች። መምሬ አይሆንም አሉ፤ በጨጓራዋ ምክንያት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እንድትጾም ያዘዟት እሳቸው ናቸውና። ይህን ጊዜ የወፍጮ ቤቱ ሙሉሰው ከኋላ "ሰኞን እኔ እይዝለታለሁ" አለ። እትዬ ሰላማዊት ረቡዕን አሉ። አንዱ ተነሣ፣ ሌላው ተነሣ። ሁሉም ሆ ብሎ ከተነሣ በኋላ ነው ጉዱ የወጣው። ሙሉሰው ቀስ ብሎ "ግን እስከ ስንት ሰዓት ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። "እስከ ዘጠኝ" አልኩት። "እስከ ዘጠኝ?!" አለ። ሌሎቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ። መምሬ ሁሉንም በየተራ አዩአቸውና "እናንተ እስከ ስንት ነበር የምትጾሙት?" አሉ። መዝሙሬ፣ ለካ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል እስከ ዘጠኝ የሚጾመው አንድ ሸለምጥማጥ ብቻ ኖሯል።

አፍረው ይሁን ወደውህ አላውቅም፤ ማንም ግን ወደኋላ አላለም። እስከ ፋሲካ ላለው ለእያንዳንዱ ቀን ሰው ተገኝቷል። አወቀ እንኳ "መሪ ከያዝኩ ወዲህ ጾሜ አላውቅም፤ ማክሰኞን ስጡኝ" አለ። ሐሙስን እማ ይዛለች። ሁለተኛ ስትጠይቅ መምሬ እምቢ ማለት አልቻሉም።

አወቀ ዛሬ ይወጣ ነበር፤ ደብዳቤው እስኪያልቅ ብሎ ለነገ አድርጎታል። እሑድ ማታ እጅህ ይገባል።

እማ እንድጽፍላት የነገረችኝ ይህ ነው፤ ቃሉን አልነካሁትም፦

"ልጄ መዝሙር። ወተቱን ጠጣ። እንቁላሉን ጠንከር አድርገው ይቀቅሉልህ፣ ለስላሳው ለሆድ አይሆንም። ዳኛው ክፍሉ ድረስ አብሮህ ይግባ፣ በር ላይ እንዳይቀር። እኔ ደህና ነኝ። የመንጃ ፈቃዱን ነገር ስትመጣ እንነጋገራለን።"

የመጨረሻዋን ስታስጽፈኝ ፊቷን ብታየው ኖሮ ዝም ብለህ ጎንደር ትቀር ነበር።

የትነበርሽ


ጠዳ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማ፣ ለእታለም፣ ለመምሬ ልዑልቃል፣ ለሙሉሰው፣ እንዲሁም ይህ ሲነበብ በር ላይ ቆማችሁ ለምትሰሙ ሁሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ከእንግዲህ የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ስለሆንኩ ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ይነበብ። እታለም፣ መምሬ ካሉ በቀኝ በኩል ቁሚ።

እማ፣ ይቅርታ። መንጃ ፈቃድ ብዬ የዋሸሁት ካንቺ ጭንቀት ለመሸሽ ነበር፤ ጭንቀቱን ግን ለእታለም አሸክሜ ነው የሸሸሁት። ስመጣ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። አርጩሜው ከየትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ እንዳማርጥ ግን ፍቀጂልኝ።

አወቀ "እናትህ ሦስት ነገር ጠይቀው ብላኝ ሁለቱን ረሳኋቸው፤ አንዱ አመመህ ወይ ነው" ብሎኛል። ሁለቱን ሳላውቃቸው መመለስ ስለማልችል የሆነውን ሁሉ ልጻፍ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አያ ዳኛው ሁለት እንቁላል ጠንከር አድርገው ቀቅለው፣ ወተት አፍልተው አቀረቡልኝ። ፊት ለፊቴ ተቀመጡና ዓይናቸውን እንቁላሉ ላይ ተከሉ፤ ይፈነዳል ብለው የሚጠብቁ ይመስል ነበር። እኔም አፌን መክፈት አቃተኝ። ብላ ተብያለሁ፤ ፈቃዱ ተጽፎ ኪሴ ውስጥ አለ፤ አፌ ግን አልሰማም። ደብዳቤውን አውጥቼ የሙሉሰውን ነገር ደግሜ አነበብኩ። ሙሉሰው አሁን ወፍጮውን አስነሥቶ በባዶ ሆዱ ቆሟል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ሰው ሲሰድብ ይውላል ብዬ አሰብኩ። እኔ ካልበላሁ ይህ ሰው በነጻ ተራበ ማለት ነው። በላሁ። ሙሉሰው፣ ያን ዕለት ዱቄት ያሳነስክባቸው ሁሉ ይቅር እንዲሉህ በእኔ ስም ጠይቃቸው።

ሲስተር ይመኙሽ "ምን በላህ?" አለችኝ። "ሁለት እንቁላልና ወተት።" አላመነችኝም፤ ወደ አያ ዳኛው ዞራ "እውነቱን ነው?" አለች። አያ እጃቸውን አንሥተው እንደ ፍርድ ቤት ምስክር "በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ። እማ፣ ክፍሉ ድረስ ገብተዋል፤ በር ላይ አልቀሩም። ደም ሥሬም ከዛሪማ ተመልሶ ኖሮ በመጀመሪያው ተገኘ።

ከመርፌው በፊት ቀልድ ፈልጌ አጣሁ፤ ይህ ከዚህ በፊት ደርሶብኝ አያውቅም። ሷሊሕ አየኝና ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ ተጋደመ። እትዬ ሸምሲያ ለእሱ ካመጡት በረዶ ቆርሰው "አፍህ እንዳይቆስል ይህን ምጠጥ" ብለው ሰጡኝ። እሳቸው ራሳቸው ጾመኛ ናቸው፤ በረዶው እጃቸው ላይ ሲቀልጥ በነጠላቸው ጠረጉት።

አራት ዓይነት መድኃኒት ነው የሰጡኝ። አንዱ ልክ እንደ ከረከዴ ሻይ ቀይ ነው። ሲስተር ይመኙሽ "ሽንትህ ቀይ ይሆናል፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ አትደንግጥ" አለችኝ። እኔ አልደነገጥኩም። ለአያ ዳኛው ግን አልነገርኳቸውም። ወደ ሽንት ቤት ደግፈው ወስደውኝ ያንን ሲያዩ፣ "አያ፣ ደሜ እያለቀ ነው መሰለኝ፤ እማን አደራ" አልኳቸው። ድጋፉን ለቀው ኮሪደሩን በሩጫ ያዙት። "ሲስተር! ሲስተር! ልጁ!" ሲሉ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ። ሲስተር ይመኙሽ ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ እኔን ተቆጣች፣ ቀጥላ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። አያ ዳኛው እስከ ማታ አላናገሩኝም። ማታ ሾርባ ሲሰጡኝ "ቀይ ሥር የለበትም" አሉኝ። እርቅ መሆኑ ነው። ቢሆንም በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ሦስተኛው ከረጢት ላይ ሲደርስ ሷሊሕ የአባቱን ሱቅ ታሪክ ያወራልኝ ነበር። አንድ ደንበኛ ጨርቅ ሲያስመትር ዋለ ይላል፣ ከዚያ እንዲህ አለ ይላል። መጨረሻውን አልሰማሁትም። ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ዞራለች፤ ሲስተር ይመኙሽ ቆማ ትጽፋለች፤ አያ ዳኛው ጫማቸውን አውልቀው ያንቀላፋሉ።

"ሲስተር፣ መቼ ነው የሚጀመረው?" አልኳት።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሷሊሕ ሆዱን ያዘ። እትዬ ሸምሲያ እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ክንዴን ሳይ መርፌው ተነቅሎ ጥጥ ተለጥፎበታል። አልቋል። እማ ትሙት፣ ያን ጊዜ እየቀለድኩ አልነበረም። የእውነቴን ነው የጠየቅኳት።

ማታ ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። ዛሬ አፌ ብረት ብረት ይለኛል። ፀጉሬ ገና አለ፤ ሷሊሕ ሦስት ሳምንት ሰጥቶታል። ሁለተኛው ዙር መጋቢት 22 ነው፤ በጠቅላላው ዐሥራ ሁለት ናቸው። ሐኪሙ ዛሬ ጠዋት ደረቴን አዳምጦ "ጀምረናል" አለኝ።

አመመህ ወይ ላልሽው፣ እማ፣ መርፌው ሲገባ ትንሽ። እሱም ንብ ከነደፈችኝ ጊዜ ያንሳል። ሌላው ተኝቼ ያለፈ ነው። ይህን ሁሉ ወረቀት የጨረስኩበት፣ እታለም ቤተ ክርስቲያን ግቢ የጮኸችበት፣ አንድ አገር ሰው የተራበበት ነገር፣ ተጠቅልሎ ሲታይ አንድ መርፌና አንድ ጥሩ እንቅልፍ ሆኖ ተገኘ። ሳልጀምረው ትልቅ ነበር። አሁን ሳየው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ትንሽ ነገር ናት።

ልጃችሁ መዝሙር